ከገረጋንቲው ሥር ያለው ከሰል

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ። ከዚያም አልፎ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አስተጓጎለ። አፍዴራ አካባቢ የከብቱና የግመሉ ግጦሽ አመድ ለበሰ። በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ዜናው ሁሉ አንድ ቁጥር ይዞ ነበር፦ «ከ12,000 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ!»

ይህች ቁጥር እስካሁን ትከነክነኛለች። ማንም ሰው ሃይሊ ጉቢ ላይ ወጥቶ፣ ናሙና ወስዶ፣ 12,000 ብሎ አልለካም። የዓለምን እሳተ ገሞራዎች የሚመዘግበው የስሚዝሶኒያን ተቋም መዝገብ ላይ «በሆሎሲን ዘመን የታወቀ ፍንዳታ የለውም» የሚል ነበር የሰፈረው። ሆሎሲን ማለት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ካበቃ ወዲህ ያለው፣ 11,700 ዓመት ገደማ የሚሆነው ጊዜ ነው። «የታወቀ የለም» የሚለው በአንድ ሌሊት «12,000 ዓመት ተኝቶ ከረመ» ሆነ። ተራራውን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ዝምታው ግን መልስ ተደርጎ ተወሰደ።

ነገሩ አፋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተብሰለሰልኩ ነበር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ ምሥራቅ ስመለከት የረር አለ። በምዕራብ በኩል ፉሪ፣ ከእሱ አለፍ ብሎ ወጨጫ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ሲል በደቡብ የዝቋላ አናት ይታያል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት፣ ከላይ ሐይቅ የተኛበት ተራራ። ከኋላዬ እንጦጦ። እነዚህ ሁሉ ከእሳት የተወለዱ ናቸው። የእንጦጦ ድንጋይ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የረርና ወጨጫም ቢሆኑ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በሚሊዮን ነው። ለእነሱ በድንጋዩ ውስጥ በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ዕድሜ የሚያወጣ መለኪያ አለ፣ ሥራውንም አሳምሮ ይሠራል። እኔን የሚያሳስቡኝ ትንንሾቹ ናቸው።

ከዱከም ጀምሮ ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩዋቸው ቀያይ ጉብታዎች፣ ከዚያም ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ኪሎሌ የምንላቸው ክብ ሐይቆች። ጉብታዎቹ የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ተተፍቶ፣ አረፋ እንደሆነ ቀዝቅዞ የተከመረባቸው ናቸው። ሐይቆቹ ደግሞ ከታች የመጣው ማግማ፣ ያው የቀለጠ ድንጋይ፣ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ መሬቱ ፈንድቶ የተከፈቱ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ቅዳሜና እሑድ ዳሩ ላይ ተቀምጠን ዓሣ የምንበላበት ቦታ የፍንዳታ አፍ ነው። በጂኦሎጂ አቆጣጠር እነዚህ የትናንት ልጆች ናቸው። «ትናንት» ስንት ነው? ለእያንዳንዱ ጉብታ፣ በየስሙ፣ የተለካ ቀን እንዲኖር እፈልጋለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው። እንጀራዬ ግን የግንባታ ማቴሪያል ምርመራ ነው። ለመንገድና ለሕንፃ ሙሌት የሚሆነው ገረጋንቲ ደረጃውን ይጠብቅ እንደሆነ አያለሁ። ስለዚህ ገረጋንቲ በሚቆፈርባቸው ቦታዎች፣ ካባ ለካባ ነው የምውለው። እነዚያ ቀያይ ጉብታዎች ለእኔ የሥራ ቦታ ናቸው። ስካቫተሩ ጎናቸውን ሲቦጭቅ፣ ሲኖትራክ ተሰልፎ ሲጭን፣ የተቆረጠው ግድግዳ ደግሞ በጀርባው ያለውን ሲያሳይ አያለሁ።

አንድ ግድግዳ ላሳያችሁ። ዱከም አካባቢ ነው። ከላይ ሰባት ስምንት ሜትር የሚሆን ቀይ ገረጋንቲ አለ፤ ከባቄላ ፍሬ እስከ ጭንቅላት የሚያክል፣ ሁሉም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ወደ ታች ሲወርድ እየጠቆረና እየደቀቀ ይመጣል። ከዚያ ስስ፣ ግራጫ የአመድ መስመር አለች። ከእሷ ሥር አፈር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የመሬቱ ፊት የነበረው ጥቁር አፈር። የአፈሩ የላይኛው ሦስት ጣት የሚሆነው ከላይ በወረደው ሙቀት ተጠብሶ የጡብ መልክ ይዟል። እዚያ ውስጥ፣ ጡብ በመሰለው አፈርና በአመዱ መካከል፣ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ጥፍሬን አስጠግቼ አየሁት። አንዳንዱ የቅርንጫፍ ቅርጹን እንደያዘ ነው። ቃጫው ይታያል።

የካባው ጥበቃ ጋሼ፣ ካፖርታቸውን ደርበው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ከሰል የሚያከስል ሰው ነበር እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ተራራው ራሱ ነው ያከሰለው። ይሄ ሁሉ ከመውረዱ በፊት እዚህ ቁጥቋጦ ነበር።»

ወደ ላይ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። «መቼ?»

ይኸው ነው ጥያቄው። ጋሼ የጠየቁት የፊዚክስ ሰዎች ላለፉት አምሳ ዓመታት ሲያሻሽሉት የኖሩትን ጥያቄ ነው። መልሱም እዚያች ጥቁር ነጠብጣብ ውስጥ ተቀምጧል።

ካርቦን 14፣ ማለትም በጊዜ ብዛት የሚፈርሰው የካርቦን ዓይነት፣ ሰማይ ላይ ነው የሚፈጠረው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የሚያስነሣቸው ኒውትሮኖች ናይትሮጅንን ሲመቱ ይወለዳል። ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ አየር ውስጥ ይቀላቀላል፣ ዕፅዋት ይስቡታል። ቁጥቋጦው በሕይወት እስካለ ድረስ ከአየሩ እኩል ይዞ ይኖራል። ሲቃጠል ቅበላው ይቆማል። ከዚያ በኋላ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይፈርሳል፣ በሌላ 5,730 ዓመት የቀረው ግማሽ፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ምን ያህል እንደቀረ ካወቅን መቼ እንደሞተ እናውቃለን። ዊላርድ ሊቢ ይህን ዘዴ በ1949 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ፣ በ1960ም የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት።

የሊቢ ዘዴ አንድ ችግር ነበረበት። የሚቆጥረው አተሙ ሲፈርስ ነበር። በአንድ ግራም የዘመናችን ካርቦን ውስጥ በደቂቃ 14 ገደማ አተሞች ይፈርሳሉ። በዚያው አንድ ግራም ውስጥ ግን 60 ቢሊዮን ገደማ የካርቦን 14 አተሞች አሉ! እነዚያን ሁሉ ትቶ በደቂቃ 14ቱን መጠበቅ ነው። ናሙናው አንድ ሚሊግራም ከሆነ ደግሞ በሰዓት አንድ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ሊቢ ብዙ ከሰል ያስፈልገው ነበር። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ በሊቢ ጊዜ ዋጋ አልነበረውም።

በ1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የካናዳ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ። እስኪፈርስ ለምን እንጠብቃለን? ያለውን እንቁጠር! ለኒውክሌር ምርምር የተሠሩትን አክስለሬተሮች፣ አተሞችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፉ ማሽኖችን፣ ለዚህ አዋሉ። አክስለሬተር ማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ባጭሩ ኤኤምኤስ፣ እንዲህ ተወለደ።

ሥራው ግን በአፍ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። በዛሬ አየር ውስጥ ካሉት የካርቦን አተሞች ካርቦን 14 የሚሆነው ከአንድ ትሪሊዮን አንድ ገደማ ነው። እዚሁ አድዓ ስለሆንን በጤፍ አስቡት። አንድ ትሪሊዮን የጤፍ ፍሬ 3,000 ኩንታል አካባቢ ይመዝናል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲቷን ፍሬ ለይቶ ማውጣት ነው። ቁጥቋጦው 10,000 ዓመት ከሆነው ደግሞ ያችም ፍሬ ከሲሶ በታች ወርዳለች።

ከዚህም የሚብሰው መንትዮች መኖራቸው ነው። ናይትሮጅን 14 ክብደቱ ከካርቦን 14 ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ አየሩ ደግሞ በናይትሮጅን የተሞላ ነው። ካርቦን 13 ከአንድ ሃይድሮጅን ጋር ሲጣበቅም ያንኑ ክብደት ያመጣል። ተራ መለኪያ እነዚህን ለይቶ ማየት አይችልም። ኤኤምኤስ ሁለቱንም የሚለይበት መንገድ ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

ከሰሉ መጀመሪያ በአሲድ፣ ቀጥሎ በአልካላይ፣ እንደገና በአሲድ ይታጠባል። ከአፈሩ የገባበት ኖራና የበሰበሰ ነገር በዚህ ይወጣለታል። ከዚያ ይቃጠልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጋዙ በብረት ዱቄት ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ሲሞቅ ወደ ግራፋይት፣ ማለትም ወደ ጠጣር ካርቦን፣ ይመለሳል። ግራፋይቱ በአንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም መያዣ ውስጥ ተጠቅጥቆ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲዝየም የሚባል የብረት ዓይነት ይተኮስበታል። ካርቦኑ አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ፣ ኔጌቲቭ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አተም) ሆኖ ይወጣል። ናይትሮጅን ግን ኔጌቲቭ አዮን ሆኖ መቆየት አይችልም። ዋናው መንትያ ገና ከደጁ ቀረ ማለት ነው። የቀረው የአዮን ጨረር በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስቦ፣ በስስ ጋዝ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። በግጭቱ ኤሌክትሮኖቹን ያራግፋል፣ ሞለኪውሎቹም ይበታተናሉ። ሁለተኛው መንትያ እዚህ አለቀለት። አዮኑ አሁን ፖዚቲቭ ስለሆነ፣ ስቦ ያመጣው ያው ቮልቴጅ መልሶ ይገፋዋል። ማግኔቶቹ በክብደቱ ያጥፉታል፣ መጨረሻ ላይ ዲቴክተሩ አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሺህ ዓመታት በፊት የተቃጠለ ቁጥቋጦ አተም።

ከዚህ በኋላ የመጣው መሻሻል ነው ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው። ድሮ ሞለኪውሉ እንዲፈርስ ቢያንስ ሦስት ኤሌክትሮን ማራገፍ ግድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ያ ደግሞ ሚሊዮኖች ቮልት፣ አዳራሽ የሚያህል ማሽን ይጠይቃል። በስዊዘርላንድ የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋዙ በቂ ከሆነ ሞለኪውሉ በተደጋጋሚ ግጭት እንደሚሰባበር አሳዩ፤ ሦስት ማራገፍ አያስፈልግም። ማይካዳስ የሚባለው ማሽናቸው በ200,000 ቮልት ይሠራል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል። ለጋዙ ሂሊየም መጠቀም ሲጀመር የሚያልፈው አዮን በዛ፤ ከዚያው ናሙና የሚቆጠረው ጨመረ። ከዚያ ደግሞ ግራፋይቱን ዘለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በጋዝነቱ በቀጥታ የሚያስገቡበት መንገድ መጣ። በዚህ መንገድ ጥቂት አሥር ማይክሮግራም ካርቦን ይበቃል። ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺኛ ነው። ከሐይቅ ደለል የወጣች የሣር ቅጠል ቁራጭ፣ ወይም እኛ ግድግዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ፣ ዛሬ ምስክር መሆን ይችላል።

ትንሽ ናሙና ግን ጠንቃቃ እጅ ይፈልጋል። ምንም ካርቦን 14 ያልቀረበት እጅግ ያረጀ ከሰል ውሰዱ። መቶ እጅ ቢከፈል አንዱን እጅ ብቻ የዛሬ ካርቦን ጨምሩበት። ማሽኑ 37,000 ዓመት ብሎ ያነበዋል። ናሙናው 10 ማይክሮግራም ከሆነ፣ አንድ ማይክሮግራም አቧራ ማለት ከአሥር አንድ ነው። የጣት ወዝ፣ የወረቀት ቃጫ፣ ከላይ የወረደ የሣር ሥር ሁሉ ቁጥሩን ያበላሻል። ዛሬ ላብራቶሪዎቹ ዋና ትግላቸው ከዚህ ጋር ነው። ማሽኑ መቁጠር ይችላል፤ የሚቆጥረው ነገር ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ነው ከባዱ።

በእሳተ ገሞራ አገር ሌላም ወጥመድ አለ። ከምድር ሆድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን 14 የለውም፤ ከጨረሰ ቆይቷል። አምቦ ውኃን ስትከፍቱ የሚያፏጨው ጋዝ መነሻው ከምድር ጥልቅ ነው። እንዲህ ያለ ጋዝ በሚወጣበት ቦታ የበቀለ ዛፍ፣ አንድም ቀን ሳይሞላው የድሮ ሆኖ ይለካል። በሐይቅ ውስጥ የሚያድግ አልጌም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከሐይቅ ደለል ውስጥ የየብስ ቅጠል የሚፈለገው። ቅጠሏ ትንሽ ብትሆንም ከአልጌው ጭቃ ትታመናለች። ሌላው ጥንቃቄ የእንጨቱ ምርጫ ነው። የትልቅ ጽድ ግንድ መሃሉ ከቅርፊቱ በመቶዎች ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ግንድ ትቶ ጭራሮ መልቀም ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲገኝ የሚደረስበት ነገር ግን ያስደስታል። በቻይናና በሰሜን ኮሪያ ድንበር ላይ ያለው ፔክቱ ተራራ ከባድ ፍንዳታ ነበረው። ዘመኑ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖረ። በ774 እና 775 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በድንገት ከፍ ብሎ ነበር፤ ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ፉሳ ሚያኬ በ2012 እ.ኤ.አ. ከዛፍ ቀለበቶች ውስጥ አገኘችው። ተመራማሪዎች ፔክቱ ሲፈነዳ የሞተ ዛፍ ወስደው፣ ያን ጭማሪ ቀለበቶቹ ውስጥ ፈለጉት። አገኙት። ከዚያች ቀለበት እስከ ቅርፊቱ ቆጠሩ። ፍንዳታው በ946 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነበር። ዓመቱን ብቻ አይደለም፣ ወቅቱንም! ኤኤምኤስ እያንዳንዷን ቀለበት ለብቻዋ መለካት ባይችል ይህ አይታሰብም ነበር።

የግሪኩ ሳንቶሪኒ ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል። በአመዱ ውስጥ የተገኘ የወይራ ቅርንጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1627 እስከ 1600 ያለውን ጊዜ ጠቆመ፤ አርኪዮሎጂስቶቹ ደግሞ መቶ ዓመት ያህል ወደዚህ ይጎትቱታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ አለላችሁ። ስንት ጊዜ እንደፈነዳ አይታወቅም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ደለል ውስጥ የተኛውን አመድ ንብርብር በንብርብር አነበበ፤ ቀኑንም በካርቦን 14 አሰረው። ኮርቤቲ በሆሎሲን ዘመን ሁሉ፣ በአማካይ በየ900 ዓመቱ ገደማ፣ በኃይል ሲፈነዳ እንደኖረ ተገኘ። እስቲ ይህን ከሃይሊ ጉቢ 12,000 ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ተራራዎች ለእኛ ዝም ያሉ ነበሩ። አንዱ ተጠየቀ፣ አንዱ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ቁጥር ሰጠ፤ ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ከተማ ማቀድ፣ መንገድ ማሰብ፣ ሕዝብ ማስጠንቀቅ ይቻላል።

ከሰል በሌለበትስ? ላቫ በባዶ ድንጋይ ላይ ከፈሰሰ የሚቃጠል ነገር የለም። መተሐራን አልፋችሁ ወደ ድሬዳዋ የሄዳችሁ ሁሉ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ያለውን ያን ጥቁር ድንጋይ ታውቁታላችሁ። ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ በ1820 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደፈሰሰ ተመዝግቧል። ያን ያወቅነው ሰው አይቶት ስለነበር ነው። ሰው ላላየው ላቫ ክሎሪን 36 አለ። ድንጋዩ ቀዝቅዞ ሰማይ ካየበት ቀን ጀምሮ የጠፈር ጨረር ውስጡ ካርቦን 14ን የመሰለ ብርቅ አተም ይሠራበታል። ያንን መቁጠር ነው። እዚህም መንትያ አለ፤ ድኝ 36። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሌዘር ፈቱት። አረንጓዴው ብርሃን ከድኝ አዮን ላይ ኤሌክትሮኑን ይነጥቃል፣ የክሎሪንን ግን መንካት አይችልም፤ ክሎሪን ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ነው የሚይዘው። ስለዚህ እንደበፊቱ እጅግ ትልቅ ማሽን ግድ አይልም። የኢትዮጵያ ጥቋቁር ላቫዎች በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ሲለኩ ማየት ምኞቴ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ።

ያ ያሳየኋችሁ ግድግዳ ዛሬ የለም። ስካቫተሩ አልፎበታል። ከላይ ያለው ገረጋንቲ ለሙሌት ተጭኗል፤ የሥሩም አፈር ተጠርጎ ተገፍቷል። ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም። ከተማው ይሰፋል፣ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይነጠፋል፣ ይህ ሁሉ ሙሌት ይፈልጋል። እኔ ራሴ የማረጋግጠው ያንን ገረጋንቲ ነው፤ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወለልም በእሱ ላይ ሳይቆም አይቀርም። ነገር ግን አንድ ጉብታ ሲያልቅ አብሮት የሚሄደው መዝገብ ሁለተኛ አይጻፍም። ፊዚክሱ ለነጠብጣብ የሚበቃ ማሽን ሠራ፤ እኛ ደግሞ በዚያው ዘመን ነጠብጣቡን በሲኖትራክ እያጋዝን ነው። የማሽኑ መሻሻል ሊጠቅመን የሚችለው ከሰሉ እስካለ ድረስ ነው።

«ማሽኑ የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። በአፍሪካ ምድር ጆሃንስበርግ አይቴምባ ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ኤኤምኤስ አለ። ሩቅ አይደለም። እዚህ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል አለ፣ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት አለ፣ የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱም አለ። ናሙና የሚረከብ የሠለጠነ ሰው ሞልቷል። ክፍተቱ ያለው በስካቫተሩና በእነሱ መካከል ነው።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ እዚህ ድረስ ሌሊት አልጋችን ተወዛውዞ፣ ልጅ አቅፈን በደረጃ ወርደናል። ከሥር ማግማ በስንጥቅ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ሳይንቲስቶቹ ነገሩን። ጎረቤቶቼ ጂኦሎጂ መማሬን ስለሚያውቁ ከበቡኝ። «የእኛስ አካባቢ? ዝቋላስ? ቢሾፍቱስ?» አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪን» አሉኝ። ስለ ስምጥ ሸለቆው ነገርኳቸው፣ ፈንታሌ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ነገርኳቸው፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚጠነቀቁም። ስለ ቅርቦቹ ጉብታዎች ግን ልሰጣቸው የፈለግኩት ቀን ነበር፤ ይህኛው በዚህ ጊዜ፣ ያኛው በዚያ ጊዜ፣ በመካከላቸው ይህን ያህል ዘመን። ለእናቶች የሚያረጋጋም ቢሆን የሚያስጠነቅቅም ቢሆን፣ እውነት የሆነ ቀን ይገባቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለካባ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ገረጋንቲው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲደረስ ግማሽ ቀን ሥራ ቆሞ ባለሙያ እንዲያየው አንድ መስመር ይግባበት። ግማሽ ቀን የማንንም ፕሮጀክት አያዘገይም። ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ካባ ላይ የምትውሉ፣ መሐንዲስም ሁኑ ኦፕሬተር፣ እጃችሁ ላይ ያለውን አድርጉ።

ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩት። ከመነሣቱ በፊት ግድግዳውን ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡት፤ አጠገቡ መዶሻ ወይም እስክሪብቶ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። የስልካችሁን ጂፒኤስ ቁጥር ጻፉ። ከአመዱ በላይ ነው ወይስ ከታች የሚለውን መጻፍ እንዳትረሱ፤ ይህ ከሌለ ከሰሉ የፍንዳታውን ቀን አይናገርም። በንጹሕ ቢላ ጫፍ፣ ከዙሪያው አፈር ጋር፣ ወፍራሙን ትታችሁ ጭራሮ የሚመስለውን አንሡ። በወረቀት ወይም በጨርቅ አትጠቅልሉት። የኩሽና አሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። እርጥብ ከሆነ እንዳይሻግት ፎይሉን ገለጥ አድርጋችሁ አቧራ በሌለበት ቦታ ይድረቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ራቅ ይበል። ከዚያ ከላይ ወደጠቀስኳቸው ተቋማት ውሰዱት። የሚያደርስላችሁ ካጣችሁ በዚህ ብሎግ ጻፉልኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ።